አባቴን በቁሙ የተሸከመው ቃሬዛ

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው፤ በመሠረተ ትምህርት ማንበብና መጻፍ የቻልኩበት ዓመት። ዛሬም ሰው "ፊደል መቁጠርሽ ምን ጠቀመሽ?" ሲለኝ የምነግረው ይህንን ነው።

ከግራና ከተማ ወረድ ብሎ ባለው መንደራችን ገበሬዎቹ እርከን ሲሠሩ ቋጥኝ ተንከባሎ የአባቴን እግር ሰበረው። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጥቶ ነበር። ወልድያ ሆስፒታል ጀሶ አደረጉለት፤ ቁስሉ እንዲታጠብም ጀሶው ላይ መስኮት ከፈቱለት። ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ወረቀት ሰጡን። ከቤታችን ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ቁስሉ በየሦስት ቀኑ መርሳ ክሊኒክ እንዲታጠብ ይላል። ሐኪሙ ደግሞ "ካቋረጣችሁ እግሩ ይቆረጣል" ብሎናል።

መርሳ በእግር ሁለት ሰዓት ነው። ወቅቱም የአረም ነው፤ ማን ሥራ ፈትቶ ይሸከመዋል? ወረቀቱን ይዤ የቅሬያችን ዳኛ አባ ይመር ዘንድ ሄድኩ። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ ቃሬዛውም ሬሳ የሚወጣበት ነው።

"አባ፣ ቃሬዛውን ለአባቴ ይስጡኝ" አልኳቸው።

እናቴ ስትሰማ "አንቺ ሟርተኛ! አባትሽን በቁሙ ልትቀብሪው ነው?" ብላ ጮኸችብኝ።

አባ ይመር ግን "ቢሞት እንሸከመው የለም ወይ? ሳይሞት ብንሸከመው ምን ይቀርብናል? በይ ተረኞቹን አንቺው ጻፊ" አሉኝ።

ስምንት ስምንት ሰው እየመደብኩ ተራውን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። አረሙ የበዛበትን አሳረፍኩ፤ ያለቀለትን አስቀደምኩ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ "ተራዬ መቼ ነው?" እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር።

በመጀመሪያው ቀን ግን ጉድ ፈላ። ፀሐይ ስለበረታ አባቴን በጋቢ ሸፍነነው እንቅልፍ ወስዶታል። ወደ ግራና ገበያ የሚወጡ ሰዎች ቃሬዛውን ሲያዩ፣ እንደ አገሩ ወግ ዕቃቸውን አስቀምጠው ተከተሉን። አንዷ ሴት ጭራሽ ሙሾ ጀመረች። አባቴ ባንኖ ከጋቢው ብቅ አለና "ኧረ ዝም በይ፣ አልሞትሁም! እግሬ ነው!" አላት። ግማሹ ሮጠ፣ ግማሹ በሳቅ ወደቀ። ሴትዮዋ አፍራ ነው መሰለኝ፣ ባሏን "በል አግዛቸው!" ብላ ከቃሬዛው ሥር አስገባችው። ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን ተሸካሚ ቸግሮን አያውቅም።

ሁለት ወር ሙሉ አንድም ቀን አላቋረጥንም። በታጠበ ቁጥር ቁስሉን የሚያጥበውን የክሊኒኩን ድሬሰር ደብተሬ ላይ አስፈርመው ነበር። ወልድያ ስንመለስ ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ "ማነው የተከታተለው?" አለ። አባቴ በጣቱ እኔን አሳየ። ደብተሩን ሰጠሁት፤ አገላብጦ ጨረሰና "ጎበዝ ነሽ" አለኝ።

ከዓመታት በኋላ አባ ይመር አረፉ። ያው ቃሬዛ ወጣ። አባቴ ትንሽ እያነከሰ ከፊት ገባ። ሊቀበሉት ቢለምኑትም እስከ ቀብሩ ድረስ ለማንም አልለቀቀም። እኔ ከኋላ ሆኜ ለአባ ይመር እያለቀስኩ በአባቴ እግር ኮራሁ። ዛሬም እኮራለሁ። ያን ቀን ግን ለአባቴ ተራ የጻፈለት ሰው አልነበረም።