ሙጭልጭላዬ ያመጣብኝ ቀኖና

ሐሙስ ጠዋት፣ ገና ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ፣ ሰቆጣ ተከራይቼ የምኖርባት ክፍል በር ተንኳኳ። ስከፍት አከራዬ እማማ ለምለም ቆመዋል... ከኋላቸው ደግሞ የንስሐ አባታችን መምሬ ታረቀ።

በሁዳዴ ቄስ አስከትሎ የሚመጣ አከራይ ለደግ አይመጣም።

እማማ የያዙትን ፌስታል መሬት ላይ ዘረገፉት። የእንቁላል ቅርፊት!

«ዶሮዎቼ ከቆሻሻው ጉድጓድ ጭረው አወጡት። ይሄ ልጅዎ ፆም ይገድፋል፣ አባ!»

አሁን ጉዱን ልንገራችሁ። እንቁላሉን የሚበላው ኮሚቴ ነው። ኮሚቴ ሙጭልጭላ ነው... እዚሁ አቅራቢያችን ዝቋላ ወረዳ ያለው አጎቴ ማሽላ ሲያጭድ እናቱ የሞተችበት ጨቅላ አግኝቶ የሰጠኝ። ይሄን ስም ያወጣሁለት ሳይጠሩት ሁሉም ነገር ውስጥ ስለሚገባ ነው። የጫማዬን ክር ይፈታል፣ ካልሲዬን ይሰርቃል፣ ሲበርደው ብርድ ልብሴ ውስጥ ይገባል። ወድጄዋለሁ፣ ምን ላድርግ! በሁዳዴ ሥጋ ቤቱ ሁሉ ሲዘጋ፣ ኮፍያዬን አይኔ ድረስ ደፍቼ እንቁላል እገዛለሁ። ሻጯ አተኩራ ስታየኝ «ለአጎቴ ልጅ ነው፣ ገና አራት ዓመቱ ነው» እላታለሁ።

ችግሩ፣ አምና ሸለምጥማጥ የእማማን ሁለት ዶሮዎች በልቶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ድመት የምታክል ነገር ግቢው ውስጥ ካዩ ዘነዘና ነው የሚያነሱት። አሁን ደግሞ ለፋሲካ የሚጠብቋቸው ሦስት ዶሮዎች አሏቸው። እውነቱን ብናገር ኮሚቴ ይሞታል፣ እኔም ከነፍራሼ ውጭ ነኝ። ዝም ብል ደግሞ ፆም ገዳፊ ተብዬ መቅረቴ ነው።

ኮሚቴ አልጋዬ ሥር ነበር። ትንሽ አሰብኩና... አንገቴን ደፋሁ።

«አዎ አባቴ፣ እኔ ነኝ የበላሁት።»

መምሬ አዘኑ። «ታመህ ነው ልጄ?»

«ኧረ ጤነኛ ነኝ። ሆዳምነት ነው።»

እማማ አንዱን ቅርፊት አንስተው አሸተቱት። «ደግሞኮ ጥሬውን ነው! እሳት እንኳ አልነካውም!»

«ጥሬው... ይስማማኛል።»

መምሬ አማተቡ። «ስንት ይሆናል?»

«በቀን አንድ... እሑድ እሑድ ሁለት።»

መምሬ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ መቶ ስግደት ብለው ገና ሳይጨርሱ አልጋው ሥር አንድ ነገር ተንከባለለ። የዕለቱ እንቁላል ነው! ኮሚቴ ተከትሎት ወጣ። እንግዳ አለ ብሎ እንኳ አላፈረም። እንቁላሉን በፊት እግሮቹ ያዘ፣ ጀርባውን ለመምሬ ሰጠና በኋላ እግሮቹ መሃል ወርውሮ ግድግዳው ላይ አፈረጠው። ከዚያ ተረጋግቶ ይልስ ጀመር።

እማማ ከአማርኛ ወደ አፍ መፍቻቸው ወደ ኽምጣና ተሻገሩ። እሳቸው ሲናደዱ እንዲህ ናቸው፣ ከተሻገሩ ደግሞ ነገር አለቀ። ዘነዘናውን ሊያመጡ ሲሮጡ መምሬ በመቋሚያቸው በሩን ዘጉባቸው።

«ቆዪ ለምለም። ይሄ ልጅ ፆሙን አልገደፈም ማለት ነው?»

«እንግዲህ... አልገደፈም።»

«ይገድፋል ብለሽ የነገርሽው ለኔ ብቻ ነው?»

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ለማን ለማን ነገርሽ?»

«ለጎረቤት... ለማኅበሩ ሴቶች... ቅዳሴ ላይም ለአንዳንድ ሰው።»

እዚያው ተፈረደ። እኔ የንስሐ አባቴን ስለዋሸሁ ስግደቱ ሳይነሳልኝ ቀረ። እማማም የሰው ስም ስላጠፉ እኩል ደረሳቸው። ኮሚቴ በሽቦ ቤት እንዲቀመጥ፣ ዘነዘናም እንዳይነሳበት መምሬ ገዘቱ። እውነቴን ነው፣ ከደስታዬ የተነሳ እንባዬ መጣ።

ይኸው በየጠዋቱ እኔና እማማ ግቢው ውስጥ ጎን ለጎን እንሰግዳለን። እሳቸው ቀና ባሉ ቁጥር ሽቦውን ያያሉ። «እዩት እስቲ ይሄን እርኩስ፣ እየቆጠረልን ነው!» ይላሉ።

ከሦስታችን ሁዳዴን የገደፈው እሱ ብቻ ነው... ቀኖና ያልተሰጠውም እሱ ብቻ።