በዶይል ስም የወጣው ዕጣ

ኦሌታ ስቲንሰን የወረዳውን ግሬደር መንዳት ስትጀምር፣ የመንገድ ክፍሉ ወንዶች አንድ ወር አትቆይም ብለው ተወራርደውባት ነበር። ከተወራራጆቹ ዛሬ ሥራ ላይ ያለ የለም፤ ገሚሱ ጡረታ ወጥቷል፣ ገሚሱ አፈር ገብቷል። እሷ ግን አሁንም በሩዝ እርሻዎቹ መሀል የሚያልፉትን የጠጠር መንገዶች ትደለድላለች። ከአፏ የሚወጣው ቃል ጥቂት ነው፤ የወጣው ግን ይቆርጣል። ባሏ ጥሏት ወደ ቴክሳስ ሲሄድ፣ ካንቺ ጋር መኖር በየማለዳው ፍርድ ቤት እንደ መቅረብ ነው ብሏት ነበር። ይህን ለሰው የምታወራው ራሷ ናት፤ እያወራችም ትስቃለች።

ፊቷ የሚፈታው በዓመት አንዴ፣ ቅጠሉ ረግፎ ዳክዬዎቹ ከሰሜን ሲወርዱ ነው። አባቷ እሷንና ታናሽ ወንድሟን ዶይልን ገና ጠመንጃ መሸከም ሳይችሉ ጀምሮ ውሃ ወደሚተኛበት ጫካ ይዟቸው ይገባ ነበር። ያን ጊዜ ጫካው የአንድ እንጨት ነጋዴ ነበር። ኋላ መንግሥት ገዛውና ኮፐር ስላው የሚባል የዱር አራዊት መጠለያ ሆነ። በብርዱ ወራት ወንዙ ሲሞላ ሕዝቡ በዕጣ እየገባ ያድንበታል። ሕጉ ቀላል ነው፤ ዕጣው የወጣለት ሰው ሦስት ጓደኞች ይዞ ይገባል፣ እሱ ራሱ ካልተገኘ ግን ጓደኞቹም ከበር ይመለሳሉ።

ኦሌታ፣ ዶይል፣ የአጎታቸው ልጅ ራንደልና የጎረቤታቸው ሃስኬል በየዓመቱ አራቱም ዕጣ ውስጥ ይገባሉ፤ ለማንም ይውጣ፣ አብረው ይሄዳሉ። ዕቅዱን የምታወጣው ግን ሁልጊዜ ኦሌታ ነበረች። ውሃው የት ስንት ክንድ እንደሆነ፣ ነፋሱ ከየት ከነፈሰ የት እንደሚቀመጡ፣ ጀልባው የት እንደሚወርድ፣ ማን ምን እንደሚይዝ ሁሉ ከእሷ አፍ ይሰማል። ሦስቱ ወንዶች ሲያጉረመርሙ ዓመታት አለፉ፤ ዳክዬ ግን ይዘው ይመለሱ ነበርና ማጉረምረሙ ከጉርምርምታ አላለፈም።

በዚያ ዓመት ዕጣው ለዶይል ወጣ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

ዶይል የከተማዋ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ባለፈው ፀደይ፣ ወገቤን አመመኝ ብሎ ሱቁን ዘጋ። ኦሌታ ግን የወገብ ነገር እንዳልሆነ ታውቅ ነበር። ወንድሟ ቡናውን ከግማሽ በላይ አያስቀዳም፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የመዝሙር መጽሐፉን ለሚስቱ ለኒታ ትቶ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። ደግሞም የአምናው ነገር ነበር። ከአደን ሲመለሱ የዶይል ርሽ ጠመንጃ ጀልባው ውስጥ ባረቀ። ጥይቱ በኦሌታ ጉልበትና በውሻዋ ራስ መካከል አልፎ የጀልባውን ጎን በሳው። ዶይል፣ ጠመንጃው እንዳይተኩስ የሚይዘው ማቀቢያ ተበላሽቶ ነው አለ። ወንዶቹ ቀዳዳውን በጓንት ወትፈው፣ ውሃውን በባልዲ እየቀዱ፣ እየሳቁ ወጡ። ሃስኬልም ቆርቆሮ ለጥፎ ደፈነው። ኦሌታ ግን ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ነበር፤ ጣቱ ምላጩ ላይ እንዴት እንደሚርገበገብ አይታለች።

ዕቅዱን ለማውጣት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሃስኬል በሚመራው የእሳት አደጋ ጣቢያ ተሰበሰቡ። ከቀዩ መኪና አጠገብ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቷል። ኒታ የተጠበሰ አምባዛና የበቆሎ ዳቦ አምጥታ ታቀርባለች። ኦሌታ የመጠለያውን ካርታ ዘርግታ አራቱን ጥግ በቃሪያ ማጣፈጫ ጠርሙሶች አስያዘችው።

ገና ከመጀመሪያው ነገሩ ሻካራ ነበር። ራንደል፣ ዘንድሮ ወደ ጥልቁ ኩሬ እንሂድ አለ። ኦሌታ፣ ወንዙ ስለጎደለ ጥልቁ ኩሬ ላይ የሚያርፍ ዳክዬ የለም፣ ባሉጥ ዛፎቹ ሥር ነው የሚወርዱት ብላ ቆረጠችው። ራንደል ሩዝ ማድረቂያው ውስጥ የሚሠራ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው።

«ዕጣው የዶይል መስሎኝ ነበር» አለ አጥንት እየላሰ። «ለካ ዶይል ሾፌር ነው፣ ባለቤቷ ሌላ ናት።»

ሃስኬል ሳቀ፣ ዶይልም ሳቀ። ኦሌታ አልሳቀችም። ጀልባው የሃስኬል፣ ምሳና ትኩስ ነገር የራንደል፣ ውሃ ላይ ተንሳፍፈው የሚያልፈውን መንጋ የሚስቡት የማታለያ ዳክዬዎችና ውሻዋ የእሷ እንደሆነ አከፋፈለች። አባታቸው ከእንጨት የጠረባቸው የማታለያ ዳክዬዎች እሱ ከሞተ ጀምሮ በተራ የሚቀመጡት በሁለቱ ልጆቹ ቤት ነው፤ ዘንድሮ ዶይል ጋ ስለነበሩ ከእሱ ትወስዳቸዋለች። ከዚያ ዓይኗን ከካርታው ሳታነሳ፦

«ዶይል፣ አንተ መጥሪያ ፊሽካህን ብቻ ትይዛለህ። ጠመንጃህ ቤት ይቀራል» አለች።

በዚያ አውራጃ ዳክዬ በመጥራት ዶይልን የሚስተካከል አልነበረም። መጥሪያውን አፉ ላይ ሲያደርገው የሚያልፈው መንጋ ሁሉ ይዞር ነበር። ስለዚህም ራንደል መጀመሪያ ሙገሳ መስሎት ፈገግ አለ። ዶይል ግን ገብቶታል። እጆቹን ከጠረጴዛው በታች አወረደ።

«ምን አልሽ?»

«ሰምተኸኛል። እጅህ ይንቀጠቀጣል። አምና የባረቀው ማቀቢያው ተበላሽቶ አይደለም። ካንተ አጠገብ ጥይት ከጎረሰ ጠመንጃ ጋር አልቀመጥም፤ እነሱም መቀመጥ የለባቸውም።»

ኒታ ሳህን እንደያዘች ቀረች። ራንደል ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። ኦሌታ ሃስኬልን አየችው፤ ቀዳዳውን የደፈነው እሱ ነው፣ አንድ ቃል ይጨምራል ብላ ጠበቀች። ሃስኬል ካምባዛው እሾህ መልቀም ጀመረ።

ዶይል ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

«ዕጣው የማን ነው?»

«ያንተ ነው።»

«እንግዲያው የሚገባውንና የማይገባውን የምለይ እኔ ነኝ። አንቺ አትገቢም።»

«ዶይል—»

«አትገቢም አልኩሽ። አባባ ከሞተ ጀምሮ እንደ ጠጠር ስትደለድዪን ኖርሽ። አሁን ደግሞ በሰው ፊት ሽባ አደረግሽኝ። ካርታሽን ይዘሽ ውጪ።»

ኦሌታ ራንደልን ቀና ብላ አየችው። «ሰምተሻል እንግዲህ፣ ባለቤቱ ተናገረ» አላት ራንደል፤ ዓይኑ ግን አላያትም። ካርታውን አልያዘችም። ካፖርቷን አንስታ ወጣች፤ ውሻዋ ተከተላት።

በማግስቱ ኒታ ደወለች። ኦሌታ የይቅርታ ነገር መስሏት ነበር። ኒታ ግን የደወለችው ልትሰድባት ነው። እንደሚንቀጠቀጥ የማላውቅ መሰለሽ ወይ፣ ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ ነኝ አለቻት። ሐኪም ጋ እንሂድ ብላው እሺ ሊል ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ አሁን ግን ከነአካቴው ዘግቶታል።

«በራሱ አፍ እስኪናገር እየጠበቅሁት ነበር» አለች ኒታ።

«አንቺ ትጠብቂያለሽ፣ ጥይት ግን አይጠብቅም» ብላ ኦሌታ መለሰችላት። ኒታ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችው።

ኦሌታ እልኸኛ ናት። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ይተወው ነበር፤ እሷ ግን ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ መጠለያው ጽሕፈት ቤት ሄደች። እዚያ ያገኘችው ጠባቂ ፂሙን ያጎፈረ ትሑት ሰው ነበር። ነገሩን ሁሉ ሰማትና፣ ፈቃድ አለው፣ ዕጣው ወጥቶለታል፣ የሐኪም ቃል ካልመጣ እጁን አይቼ ልከለክለው አልችልም አላት። አክሎም፣ እንደ እኔ ከሆነ ወንድምሽን በቤታችሁ ብትመክሩት ይሻላል አለ። ኦሌታ ወጥታ መኪናዋን አስነሳች። በትንሽ ከተማ ግን መኪናሽ የቆመበት ቦታ ካንቺ ቀድሞ ይናገራል።

ሁለት ቀን አልሞላም፤ ዶይል ጭነት መኪናውን እየነዳ የመንገድ ክፍሉ ግቢ ደረሰ። ሠራተኞቹ ለምሳ ተቀምጠዋል። ዶይል ማንንም ሰላም ሳይል የመኪናውን ኋላ ከፍቶ አንድ ጆንያ ጎትቶ አወረደ፤ አንገቱን ይዞ ገለበጠው። አባታቸው የጠረባቸው የእንጨት ዳክዬዎች ጭቃው ውስጥ ተዘረገፉ።

«ለመንግሥት ከሰስሽኝ አሉ» አላት። «ውሰጃቸው እንግዲህ። አባባም ያንቺ ብቻ ይሁን። እህት ነበረችኝ የምልበት ነገር እቤቴ እንዲቀር አልፈልግም።»

አሁን እጆቹን አልደበቀም። በቁጣው ላይ ቁጣ የጨመሩ ይመስል እስከ ክርኑ ይርገፈገፉ ነበር። ኦሌታ ያንን ስታይ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ ሠራተኞቹ እያዩ ስለነበር መልሳ ዘጋችው። ዶይል ሲሄድ ዳክዬዎቹን አንድ በአንድ ለቅማ፣ በናፍጣ ጨርቅ ጠርጋ፣ ሳጥን ውስጥ ከተተቻቸው። የሚረዳት ሰው ብድግ ሲል፣ ተቀመጥ አለችው።

ያን ሰሞን ከባድ ዝናብ ጣለ። ወደ መጠለያው ጀልባ ማውረጃ የሚወስደው መንገድ የእሷ ድርሻ ነው፤ ከአደኑ ቀን በፊት በየዓመቱ ደልድላው ነው የምታድረው። ዘንድሮ ግሬደሩን እስከ መገንጠያው ነድታ ደረሰች። ውሃው መንገዱን በጎድጓዳ ሞልቶታል። መሪውን እንደያዘች ቆየችና ወደ ሌላው መንገድ ታጠፈች። ጀልባ የሚጎትት መኪና እዚያ ላይ እንደሚንገላታ ታውቃለች፤ ስለምታውቅም ነው የታጠፈችው። ይህን ኋላ ለጠየቃት ሰው አልካደችም።

የጠየቃት ሃስኬል ነው። በአደኑ ማግስት ቤቷ ድረስ መጥቶ ከበረንዳዋ ሥር ቆመ። ቆቡን አላወለቀም።

«መንገዱን ሆን ብለሽ ነው የተውሽው?»

«አዎ።»

«የጀልባው ተጎታች ጎማ ወለቀ። እስክንጠግነው ድረስ ሰዉ ሁሉ አልፎን ገባ። ባሉጦቹ ሥር ያለውን ቦታ ሌሎች ያዙት፤ የእጅ መብራት ፊታችን ላይ እያበሩ፣ ዘግይቶ የመጣ ይመለስ እያሉ ሰደቡን። ዛፍ የሌለበት ሜዳ ላይ ተቀመጥን። አንቺ ግን አንድ ሰው ቢጎዳስ አላልሽም?»

ጠመንጃ ያስፈራት ሴት፣ መንገድ አላስፈራትም።

«ዶይልስ?» አለች ኦሌታ።

ሃስኬል መሬት መሬት እያየ ነገራት። ውሃው ዳር ቆመው ጠመንጃ ሲያጎርሱ፣ ዶይል ጥይቱን ከማጎረሻው አፍ ማገናኘት አቃተው። አንዱ ወደቀ፣ ሌላውም ወደቀ። ራንደል ሊያግዘው እጁን ሲዘረጋ እንደ ውሻ ገላመጠው። ከዚያ ጠመንጃውን መልሶ ከረጢቱ ውስጥ ከተተና ዚፑን ሃስኬል እንዲዘጋለት ሰጠው። ቀኑን ሙሉ መጥሪያውን ነፋ። በሕይወቴ እንደዚያ ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም አለ ሃስኬል፤ እዚያ ሜዳ ላይ ማረፍ የማይገባቸው ዳክዬዎች ሁሉ እየዞሩ ወረዱ። አንድም ቃል ግን ከማንም ጋር አልተነጋገረም።

«ቀዳዳውን የደፈንኩት እኔ ነኝ፤ መናገር ነበረብኝ» አለ ሃስኬል። «ግን እኔም ብናገር እንዳንቺ አልናገርም ነበር።»

ኦሌታ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ዶይል ቤት ሄደች። ዶይል የሽቦውን በር ሳይከፍት ከውስጥ ሆኖ አያት።

«ልክ ነበርሽ እንድልሽ ነው የመጣሽው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ልትይ መጣሽ?»

ምን ልትል እንደመጣች ራሷም አላወቀችም። መንገዱን ሆን ብላ እንደተወችው ነገረችው። ራንደል ነግሮኛል አለ።

«ለብቻዬ ብትነግሪኝ ኖሮ» አለ።

«ለብቻህ ብነግርህ ትሰማኝ ነበር?»

ዶይል አሰበበት፤ ውሸት የሚናገር ሰው አልነበረም። «አልሰማሽም ነበር።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ምንም። ቢሆንም ለብቻዬ መንገር ነበረብሽ።»

ግቢ አላላትም። እሷም ልግባ አላለችም። ወደ መኪናዋ ስትመለስ ኒታ ከወጥ ቤቱ መስኮት እያየቻት ነበር፤ እጇን ግን አላነሳችላትም።

በሚቀጥለው ዓመት ዕጣው ለማናቸውም አልወጣም፣ ማንም ማንን አልጠየቀም። በዚያ በጋ የራንደል ልጅ ስታገባ ኦሌታንና ዶይልን በአንድ ጠረጴዛ አስቀመጧቸው። ምግብ ሲመጣ ኒታ ለዶይል ሳህኑ ላይ ያለውን ሥጋ ቆረጠችለት፤ ኦሌታም ፊቷን ሳታዞር አየች። ዶይል ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ሹካውን አንስቶ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ መብላቱን ቀጠለ።