የእትዬ ሰርክ ተራ

ንቀት ብዙ ዓይነት ነው። የሚሳደብ ንቀት አለ፤ እሱ ይሻላል፣ መልስ አይታጣለትም። የሚያዝን ንቀት ግን ክፉ ነው። ጆንያ አስይዞ፣ ፈገግ ብሎ፣ “እንዴት አደሩ” እያለ ደጅ ድረስ ይመጣል። ሰርክን የገጠማት ይኸኛው ነው።

ጥቅምት ገና መግባቱ ነበር። ሰርክ ቀሚሷን ወደ ላይ ሰብስባ፣ ጭቃ ከጭድ ጋር እየረገጠች የቤቷን ግድግዳ ትመርጋለች። ክረምት ላይ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ሲፈስ የሩዝ ማሳዋን ደለል አልብሶት፣ ግድግዳዋንም እስከ ወገቡ ልጦት ሄዷል። ፎገራ ላይ ውሃ ቤት መግባቱ ጉድ አያሰኝም። ውሃው ሲሸሽ በርጥቡ ላይ ሽምብራ ይዘራል፣ ጓያ ይዘራል፣ ሰውም ይኖራል። ሰርክን ያስቸኮላት ሌላ ነገር ነው። ኅዳር ኪዳነ ምሕረት የማኅበር ተራዋ ናት፤ ማኅበርተኛው ገብቶ ጀርባውን የሚያስደግፍበት ግድግዳ ያስፈልገዋል።

ሰርክ የአንበሳሜ ልጅ ናት። ተድራ ወደ ሜዳው ስትወርድ ፎገራ የከብት አገር ነበር፤ ሩዝ ገና ስሙም በቅጡ አልተለመደም። ባሏ አዛናው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲሞት ጥማድ በሬ አላወረሳትም። አንዱ በሬ ለሕመሙ፣ ሌላው ለተዝካሩ ሄዷል። ያወረሳት በኪዳነ ምሕረት ማኅበር ውስጥ የነበረውን ቦታ ነው። ማኅበሩ በየወሩ በአሥራ ስድስት በአንዱ አባል ቤት ይሰበሰባል። ይጸለያል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ የተጣላ ይታረቃል። በመጨረሻም በነጭ ጨርቅ የተሸፈነው ጽዋ ለቀጣዩ ባለተራ ይሰጥና ያ ሰው ይዞት ቤቱ ይገባል። ባለጸጋም ይሁን ድሀ፣ ተራው ሲደርስ ነጠላውን አደግድጎ መሀል ቤት ይቆማል፤ “ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ” ይላል።

በዚያ አገር ሀብት የሚባለው ይኸው ነበር። ጎተራማ አይጥም ይገባበታል። “ብሉልኝ” የሚለው ሰው ያላጣ፣ እሱ ሀብታም ነው። ሰርክ ይኸን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም፤ ኖራበት ነው የምታውቀው።

እንግዲህ አሸናፊ የመጣው ጭቃው መሀል ቆማ ሳለች ነው። አሸናፊ የማኅበሩ ሙሴ ነው፤ አለቃው ማለት ነው። ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያ አቁሟል፤ የደብሩን ጣሪያ በአዲስ ቆርቆሮ ያለበሰውም እሱ ነው። እጁ አይታማም፣ እውነት ነው። በባጃጅ አንድ ጆንያ ሩዝ አስጭኖ ከአጥሯ ደጅ ወረደ።

“እትዬ ሰርክ፣ ምነው እንዲህ ይደክማሉ?”

“የማኅበር ቤት ነው እንጂ ልጄ! ተራዬ ደረሰ።”

“እሱንማ ልነግርዎ ነው የመጣሁ። ተመካክረን ተራዎን አንሥተንልዎታል። ውሃ የበላውን ሰው እኛ ደግሞ አንበላውም። ጽዋውን ጎረቤትዎ ደስታው ይረከባል፤ እርስዎ መጥተው መብላት፣ መጠጣት ብቻ ነው።”

ሰርክ እግሯ ጭቃው ውስጥ እንዳለ ቀረ። “ከማን ጋር ነው የተመካከራችሁ?”

“ከማኅበሩ ጋር።”

“እኔሳ? ማኅበሩ ውስጥ የለሁም?”

አሸናፊ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎታል።

“ተራው የሚዘለል የሞተ ሰው ነው፤ ሞቻለሁ እንዴ?”

“ኧረ እትዬ! አዝነንልዎ እኮ ነው።”

“ጆንያህን አንሣና ሂድልኝ።”

አላነሣም። ይሉኝታ ይዟት ነው ብሎ ከአጥሩ ሥር አስቀምጦት ሄደ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የተባለው ለዚህ ነው። ሰውዬው እምቢታዋን እንኳ እንደ እምቢታ አልቆጠረላትም።

ሰርክ እግሯን ታጥባ ወደ ነፍስ አባቷ ወደ ቄስ ይሄይስ ሄደች። “አባ፣ የባለተራን ተራ መዝለል ሥርዓት ነው?” ብላ ጠየቀቻቸው። ቄሱ ቀና ብለው የደብሩን አዲስ ቆርቆሮ አዩ፤ ከዚያ ደግሞ መሬት መሬት አዩ። “በቅንነት ያደረጉት ነው ልጄ። ተቀበይው። ትሕትና ነው” አሏት።

እግዚኦ! ምነው ይኸ ትሕትና የሚሉት ነገር ሁልጊዜ ለተገፋው ብቻ ይሰበካል? ገፊውን “አንተም ትሑት ሁን” የሚለው ቄስ የትኛው ደብር ይገኝ ይሆን? ሰርክ ይኸን በልቧ አለች እንጂ ከአፏ አላወጣችውም፤ መስቀል ተሳልማ ተመለሰች። መንገድ ላይ ያገኘቻቸው ሴቶች ደግሞ “እሰይ፣ ተገላገልሽ!” አሏት። ከሁሉም ያንገበገባት ይኸ ነው። የተዘረፈ ሰው ቀለለህ ይባላል? ቤቷ ገብታ አለቀሰች። ከዚያ ወጥታ ጭቃዋን መርገጥ ቀጠለች፤ ግድግዳውን ሳትጨርስ አልተወችም።

ጥቅምት አሥራ ስድስት ደረሰ። ባለተራው አሸናፊ ራሱ ነበር። ሰፊው ቤቱ በፕላስቲክ ወንበር ተሞልቷል፤ ቢራው በሳጥን ተደርድሯል፤ የወጡ ዓይነት አይጣል ነው። ታዲያ የቤቱ ባለጠግነት የፈለገውን ያህል ቢሆን፣ በማኅበር ቀን አንድ የማይቀር ቦታ አለ። ከበሩ ሥር ለእግዜር እንግዳ፣ ማለትም ለመንገደኛና ለለማኝ፣ መቀመጫ ይተዋል።

ሰርክ ያን ጆንያ በአህያዋ ጭና መጣች። አውርዳ ከበሩ ሥር፣ ከእግዜር እንግዳ ቦታ ላይ ጎተተችው። ከዚያ ጆንያው ላይ ተቀመጠችና መዳፏን ዘረጋች።

“ስለ ኪዳነ ምሕረት!” አለች፣ ለማኝ እንደሚለው።

አንዱ ብርጭቆውን ወደ አፉ እንዳስጠጋ ቀረ። አሸናፊ እየሮጠ መጣ።

“እትዬ ሰርክ፣ ምን ማለትዎ ነው? ቦታዎ እኮ ከላይ ነው!”

“የለም ልጄ። ከላይ የሚቀመጥ ነገ በተራው የሚያበላ ነው። መብላት ብቻ ለተፈቀደለት ቦታው ይኸ ነው። አባቶች የደለደሉት ነው፤ እኔ አላመጣሁት። በል ቁረስልኝ።”

የአሸናፊ ፊቱ ተለዋወጠ። “በሰው ፊት አዋረዱኝ!” አለ። “እኔ ክፉ አስቤ ነው? አባቴ በሞተ ዓመት ተራችን ደርሶ እናቴ የምታቀርበው ብታጣ ንፍሮ አቀረበች። ልጅ ነበርሁ። ጓዳ ገብታ ስታለቅስ አይቻለሁ። ያ ነገር ከዓይኔ አልጠፋም። እርስዎ እንደ እሷ እንዳያፍሩ ብዬ ነው!”

ይኸን ከአፉ የሰማ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። የሰርክ እጅ ቀስ ብሎ ወረደ። አሳዘናት። አሳዘናት እንጂ ቁጣዋን አላበረደውም፤ እንዲያውም ብሶባት ተነሣች።

“መባ አፈረች? እናትህ አፈረች? ጓዳ ገብታ ያለቀሰችው በማን ትከሻ ላይ መሰለህ? በኔ ነው! ከዚያ ቀን በፊት ‘ድሀ ሆንሁ ብለው ይዘሉኝ ይሆን’ ብላ እህል አልቀምስ ብላ ነበር። እውነትም አንዳንዱ ‘ይቅርባት፣ ታሳዝናለች’ አለ። አዛናው ተነሣና ‘መባን ከዘለላችኋት እኔንም ዝለሉኝ’ አለ። ጽዋው ቤቷ ገባ። ሰው ሁሉ ያን ንፍሮ እንደ ፍሪዳ በላላት። ‘ባሌ ሞቶ ቤቴ አልሞተም’ ብላ ነው ያለቀሰች! አንተ እንባዋን አየህ እንጂ ያለችውን አልሰማህም። በዚያ ንፍሮ ነው ቤታችሁ ቤት የተባለ፤ በዚያ ነው አንተ የመባ ልጅ ተብለህ ቀና ብለህ ያደግህ። እሷ የተሰጣትን ለኔ ነፈግኸኝ!”

አሸናፊ እንደ ቆመ ቀረ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ያን ዕለት ግን በሰርክ ላይ ካነሡት አንድ ሰው ምሳሩን ጣለ። ጽዋውን እንዲረከብ የተነገረው ደስታው ነበር፤ አንድ በሬ ያለው፣ ከሰርክ ማሳ አጠገብ የሚያርስ ሰው ነው።

“አባ” አለ ወደ ቄሱ ዞሮ፣ “ውሃው ዘንድሮ ድንበሯ ላይ ሲደርስ ተመለሰ እንጂ የኔም ማሳ ከሷ ማሳ አይርቅ። ለከርሞ እዚያ ጆንያ ላይ የምቀመጥ እኔ ነኝ። የሰው ተራ አልረከብም።”

ከኋላ አንዲት ሴት “እኔም ብሆን” አለች። ሌላውም አጉረመረመ። አብዛኛው ሰው ለካ ‘ነገ የኔ መቀመጫ ቢሆንስ’ እያለ ያን ጆንያ በልቡ ሲለካው ኖሯል። ታዲያ ምነው እስከዛሬ ዝም አሉ? ቢራው ስለሚጥም ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ማዕዱ ከተነሣ በኋላ ቄስ ይሄይስ ጽዋውን ይዘው እስከ በሩ ድረስ መጡ። ዓይኗን አላዩም። ሰርክ እጇን በነጠላዋ ሸፍና ተቀበለች፣ ተሳለመችው። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እነዚያው “ተገላገልሽ” ያሏት ናቸው፤ ቀና ብላም አላየቻቸውም።

“ሩዙስ?” አለ አሸናፊ፣ ድምፁ ወርዶ።

“ያንተ ነው፤ ለሚቀጥለው ተራህ አስቀምጠው። ኅዳር ስትመጣ ባዶ እጅህን ና። አንድ ፍሬ ይዘህ ብትመጣ ከደጅ ነው የምመልስህ።”

ኅዳር አሥራ ስድስት ቀን የሰርክ ቤት አዲስ ጭቃ አዲስ ጭቃ ይሸታል። ጾም ገብቷል። ያቀረበችው የሽምብራና የስንዴ ንፍሮ፣ ከዳጉሳ የተጠመቀ ቀጭን ጠላ ነው። ከፍትፍቱ ፊቱ ይባል የለ፤ ፊቷን ያየ ሰው ስለ ፍትፍት አላሰበም። ሰዉ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ተቀምጧል። ሰርክ ነጠላዋን አደግድጋ መሀል ቤት ቆማለች።

አሸናፊ አርፍዶ መጣ። እውነትም ምንም አልያዘም፤ ባዶ እጁን የት እንደሚያደርገው ቸግሮት አንዴ ኪሱ ይከተዋል፣ አንዴ ከጀርባው ያደርገዋል። ቤቱ ሞልቷል። የቀረው ከበሩ ሥር ያለው የእግዜር እንግዳ ቦታ ብቻ ነው። ሰዎች ሊነሡለት ሲንቀሳቀሱ በእጁ ከለከላቸውና እዚያው ተቀመጠ። ሰርክም ሥርዓቱ እንደሚያዘው መጀመሪያ ለእንግዳው ሰጠች፤ ንፍሮውን በሁለት እጁ ተቀበለ።

ቶሎ አልበላም። መዳፉን እያየ ቆየና “እትዬ ሰርክ” አለ፣ ቀስ ብሎ። “ያለችውን አልሰማህም ብለውኝ ነበር። እናቴ ያን ዕለት ከጓዳ ወጥታ ምን አለች?”

“እንባዋን ጠረገችና ‘ብሉልኝ’ አለች።”

አሸናፊ አንገቱን ደፋ።

“እንግዲህ አንተም ብላልኝ” አለችው ሰርክ። ቁጣው ገና ከድምፅዋ አልወጣም ነበር።

በላላት።