ሁለቱ ስርዓቶች እኩል የወጡበት ቀን

በጅግጅጋ የማስተምርበት ኮሌጅ ለአዲሶቹ ሁለት ሰርቨሮች ሊኑክስ ወይም ፍሪቢኤስዲ ከሚባሉት ስርዓተ ክወናዎች አንዱን መምረጥ ነበረበት። ተማሪዎቼ እንደ ኳስ ደጋፊ ለሁለት ተከፈሉ። «ማሽኑም ኬብሉም አይቀየርም፤ የሚቀየረው ስርዓተ ክወናው ብቻ ነው» አልኳቸውና የሁለቱንም የኔትወርክ ፍጥነት በየተራ ለካን። እኩል ወጡ።

«ቲቸር፣ ዕጣ እናውጣ?» አለ አንዱ።

አንዷ ግን «ላንድክሩዘርም ኢሱዙም ኬላ ላይ እኩል ነው የሚቆሙት» አለች።

ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ። ሁለቱንም የያዛቸው በመሃል ኬብሎቹን የሚያገናኘው አሮጌ ስዊች ነበር! ሰርቨሮቹን በፋይበር በቀጥታ አገናኝተን ደገምነው፤ ሊኑክስ ፍሪቢኤስዲን ጥሎት ሄደ።

«የፍሪቢኤስዲ ቅንብር ሳይስተካከል አይቆጠርም!» ብለው ተሸናፊዎቹ ጮኹ። እውነታቸውን ነው። አስተካክለው ሲለኩት ልዩነቱ ጠበበ፤ ሊኑክስ ግን አሸነፈ። «ሊኑክስን ሰርቨሮቹ ላይ ማን ይጫነው?» ስል ቀድመው እጅ ያወጡት ተሸናፊዎቹ ናቸው።