ሳይለኮስ የጨሰው ጉድጓዴ

ደባርቅ ላይ ኅዳርን ያላሳለፈ ሰው ብርድ አውቃለሁ አይበል። ይህን በድፍረት የምጽፈው ከብርዱ ጋር ስታገል ከርሜ ስላሸነፍኩት ነው። አዎ፣ እኔ!

ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት የእርሻ መምህራችን ስለ ብስባሽ አስተማረን። የግቢ ጥራጊና የጓዳ ትርፍራፊ ተከምሮ ሲበሰብስ ለም አፈር ይሆናል አለን። እኔም ዝናቡ ጋብ ሲል ከማድ ቤታችን ጀርባ ጉድጓድ ቆፈርኩ።

በእኛ ቤት የሚጣል ነገር ብዙ አይደለም። የዘይቱ ቆርቆሮ ኩራዝ ይሆናል፤ ያረጀው ጆንያ ተቀዶ መደብ ላይ ይነጠፋል፤ እበቱ ኩበት ይሆናል። የሚተርፈው የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የዶሮ ኩስና ጥራጊ ነው። እሱን ሁሉ ወሰድኩት። አንድ ቀን ትንሽ እበት ልጨምር ስል እናቴ ከበር ላይ ጮኸች።

«አንቺ ልጅ፣ እበቱን ብትነኪ ወየውልሽ! በምን ልንሞቅ ነው? በልጣጭሽ?»

ጉድጓዱን አልወደደችውም። ኅዳር ሲታጠን፣ በሚካኤል ቀን፣ ሰፈሩ ሁሉ ጥራጊውን አውጥቶ ያጤሳል፤ በሽታ ከጭሱ ጋር ይሄዳል ይባላል። እናቴም ቁርጡን ነገረችኝ። «ሚካኤል ሲደርስ ያንቺም ጉድጓድ ተዝቆ ይቃጠላል። በእኔ ግቢ በሽታ አይከርምም።»

«አፈር ከሆነስ እማዬ?»

«አፈር ከሆነማ ማን አፈር ያቃጥላል?» ብላ ሳቀችብኝ።

ይህችን ቃሏን አጥብቄ ያዝኩ። ከሚካኤል በፊት አፈር መሆን አለበት፤ አለዚያ ልፋቴ ሁሉ አመድ ነው።

ጉድጓዱ ግን ነገሬም አላለኝ። ከታች ያለው ትንሽ ጠቆር ቢልም፣ ከላይ ያለው የድንች ልጣጭ ትናንት የተላጠ ይመስል ነበር። እጄን ስሰድበት እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዘቀዘኝ። ከተራራው የሚወርደው ነፋስ ያለችውን ሙቀት ሁሉ ጠርጎ ይወስዳታል። ጥቅምት አለቀ። እኔም ማልቀስ ብቻ ቀረኝ።

በዚያው ሰሞን እናቴ ለማኅበር ጠላ ጠምቃ ነበር። ጋኑን እጠቢ ተብዬ ጎንበስ ስል፣ ከሥሩ የቀረው አተላ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። በዚያ ብርድ! ጋን ውስጥ የሚፈላ ነገር ጉድጓድ ውስጥ ለምን አይፈላም አልኩ ለራሴ።

«አተላውን ስጪኝ እማዬ።»

«ላሟስ?»

«ሣር አጭድላታለሁ።»

«ከወንዝ ማዶ?»

«ከወንዝ ማዶ!»

ቃሌን ጠብቄ ጣቴ እስኪላጥ አጨድኩ። ጉድጓዱንም ከታች እስከ ላይ አገላብጬ፣ አተላውን አፍስሼ፣ ጭድና አሮጌ ጆንያ አለበስኩት፤ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው።

የሚካኤል ዕለት ጠዋት ውርጩ መሬቱን አንጥቶታል። ወደ ጓሮ ወጥቼ ባለሁበት ቀረሁ። ከጆንያው ሥር ነጭ እንፋሎት እየተግተለተለ ይወጣል!

ጎረቤታችን አሮጊቷ እትዬ ከአጥሩ በላይ ብቅ አሉ። «እናንተ! ዘንድሮስ ቀድማችሁን አጤሳችሁ!»

የቀበሌው የጽዳት ኃላፊ፣ ካኪ ለባሹ ሰውዬ፣ ማን እንዳጤሰ ሊያይ በየቤቱ እየዞረ ነበርና እሱም ገባ። «ጎበዞች! ሌላው ገና ክብሪት ይፈልጋል!»

እናቴ ክብሪቷን እንደያዘች ወጣች። «ማን ለኮሰው?» አለችኝ በሹክሹክታ። ዝም ብል ሰውዬው አመስግኖን ይሄዳል፤ እሷ ግን ኋላ ማቃጠሏ አይቀርም። ስለዚህ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«ጓድ፣ እሳት የለበትም። እጅዎን አስገብተው ይዩት!»

«ልጅት ታሾፍብኛለች እንዴ?» እጅጌውን ሰብስቦ አስገባና ወዲያው መንጭቆ አወጣው። «ኧረ ይፋጃል!»

እትዬ አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉ። «ጠላ ጠላ ይላል! እኛ ጎረቤቶቻችሁ ቆመን መሬቱን አጠጣችሁት?»

አካፋ አንስቼ ወደ ታች ቆፈርኩ። ከሥሩ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ዝናብ የጠገበ ዱር የሚሸት አፈር ወጣ። ሰውዬው በጣቱ ቢያገላብጥ የድንች ልጣጭ የሚባል የለም፤ ያገኘው አንድ የእንቁላል ቅርፊት ብቻ ነው።

«በሽታውስ?» አሉ እትዬ። «ሚካኤል ዝም ይላል?»

እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት እናቴ ጎንበስ አለች። አንድ እፍኝ ዘግና ጨበጠችው፤ አሸተተችው።

«እንዴ እትዬ» አለች ቀና ብላ፣ «ማን አፈር ያቃጥላል?»

እኔ አካፋዬን እንደያዝኩ ዘለልኩ! እናቴ በክብሪቷ ለልማዱ ያህል በአጥሩ ጥግ የተጣለውን ቡትቶ ለኮሰች፤ ሚካኤልም ድርሻውን አላጣም።

እትዬ ሳይውሉ ሳያድሩ ቅርጫት ይዘው መጡ። «ለጌሾዬ ትንሽ ዝገኝልኝ።»

«ልጣጭዎን ካመጡ» አልኳቸው። ያመጡ ጀመር።

ከዳባት ገበያ የገዛነው ነጭ ሽንኩርት በዚያ አፈር ላይ ተተክሎ ዛሬ አረንጓዴ ጆሮውን አቁሟል። እናቴም ጠላ በጠመቀች ቁጥር አተላውን ለሁለት ትከፍለዋለች፤ ለላሟና ለጉድጓዱ። ውርጭ ባለበት ጠዋት ደግሞ፣ የማላያት መስሏት፣ ጓሮ ወጥታ ጆንያውን ገለጥ ታደርግና እጆቿን በእንፋሎቱ ላይ ታሞቃለች።

«በምን ልንሞቅ ነው? በልጣጭሽ?» ያለችኝን አላነሳሁባትም። ጻፍኩት እንጂ።