የሐጂያ ዘይነባ ግድግዳ ለምን በክብ በክብ ሻገተ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ብሩሽ አልሰጡኝም። የሰጡኝ ሳህን ነው።

ያስገቡኝ ሴትዮ አዴ ዱርሲቱ ይባላሉ። ከእናቴ ጋር በፈላና በር እየገባን እንጨት ስንሸጥ አዩኝና “ይቺን ልጅ ለኔ ስጪኝ፣ ክንዷ ረጅም ነው” ብለው ወሰዱኝ። ሐረር ጀጎል ውስጥ ኖራ የሚቀቡ ሴቶች አለቃ ነበሩ። “አዴ” በኛ በኦሮሞዎቹ እናት ማለት ነው፤ ከተማው ሁሉ እንደዚያ ይጠራቸው ነበር። ዛሬ እኔን እንደዚያ ይጠሩኛል። ጉልበቴ መሰላል እምቢ ካለ ወዲህ ቁጭ ብዬ ማስተማር ሆኗል ሥራዬ።

ሙያችን ማዕረግ ነበረው። መጀመሪያ ዕቃ አውራጅ ትሆኛለሽ። ስትበቂ ፋቂ፣ ማለት አሮጌውን ኖራ በመፋቂያ የምታነሺ። ቀቢ የምትባዪው ከዚያ ወዲያ ነው። ዕቃ ማውረድ ምን ሥራ ነው የሚል ሰው የሐረሪ ቤት ገብቶ አያውቅም። ከመደቡ በላይ እስከ ጣሪያው ድረስ ግድግዳው በሳህንና በስፌት የተሞላ ነው። ይሄ የእናት ነው፣ ይሄ የሠርግ፣ ይሄ ከሐጅ የመጣ። እያንዳንዱ የራሱ ምስማር አለው፤ የቤቱ እመቤት ዓይኗን ጨፍና ትነግርሻለች።

እኔ የገጠር ልጅ ምን አውቃለሁ! ሁሉንም አወረድኩና ትልቁን ከታች፣ ትንሹን ከላይ አድርጌ ደረደርኩት። አምሮልኛል ብዬ ምርቃት ስጠብቅ አዴ ዱርሲቱ ገቡና ራሳቸውን ያዙ።

“ያ ረቢ! ግድግዳውን ገደለችው!”

“ምን አጠፋሁ አዴ?”

“ግድግዳ ሲወርድ ምንጣፍ ላይ እንዳለ ነው የሚተኛው! የላዩ ከላይ፣ የታቹ ከታች። አሁን የትኛው የት እንደነበር ማን ሊነግረን ነው? አንቺ?”

እመቤቲቱ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም ልትገዛ ወርዳ ነበር። ሳትመለስ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያዳነኝ ሻጋታው ነው። ቀና ብዬ ሳይ የሳህኖቹ ክብ ግድግዳው ላይ ቀርቷል። አንዱ ክብ ጥቁር ነው፣ አንዱ አረንጓዴ መሳይ፣ አንዱ ደግሞ ከአቧራ በቀር ምንም የለበትም። እያንዳንዱን ሳህን ከክቡ ጋር እየለካሁ ምንጣፉ ላይ በቦታ በቦታው አስተኛሁት። እመቤቲቱ ገብታ ዞር ዞር ብላ አየችና ሽንኩርቷን ልትልጥ ሄደች። አዴ ዱርሲቱ ጆሮዬን ቆንጠጥ አድርገው “ዓይን አለሽ” አሉኝ። ከሳቸው አፍ ይሄ ትልቅ ነገር ነበር።

ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። አንድ ግድግዳ፣ አንድ ኖራ፣ አንድ ክረምት፤ እዚህ ሻግቶ እዚያ ያልሻገተው ለምንድን ነው? ስጠይቃቸው ብሩሻቸውን እያጠቡ መለሱልኝ።

“ሻጋታና ሐሜት አንድ ናቸው። አየር አይወዱም።”

ቀሪውን እጄ አስተማረኝ። ውሃ ከመሬት ሲመጣ ከታች ነው የሚጀምረው፤ ግድግዳውን ያሳብጠዋል፣ ነጭ ጨው ያወጣል፣ ኖራውን ያረግፈዋል። ጣሪያ ሲያፈስ ከላይ ወደ ታች ቡናማ መስመር ይሠራል። ሻጋታ ሌላ ነው። የሰው ትንፋሽ፣ የድስት እንፋሎት፣ ቤት ውስጥ የተሰጣ ልብስ፣ ይሄ ሁሉ እርጥበት ክፍሉ ውስጥ ዞሮ ዞሮ ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ያርፋል። አየር የሚነካው ቦታ መልሶ ይደርቃል። ከሳህን ጀርባ፣ ከቁም ሳጥን ጀርባና ጥግ ላይ ያለው ግን አይደርቅም፤ ሻጋታው እዚያ ይበቅላል። ኖራ እርጥበቱን ያስተነፍሳል፣ ሻጋታውንም ያቃጥላል። የዘይት ቀለም ግድግዳውን በፌስታል እንደ መጠቅለል ነው።

ያ ጊዜ ይናፍቀኛል፣ ምን እዋሻለሁ። የሻዕባን ወር ሲገባ ከተማው ሁሉ ለረመዳን ቤቱን ያድስ ነበር። የኖራውን ድንጋይ በርሜል ውስጥ ከተን ውሃ ስናፈስበት ይንተከተካል፤ “ራቂ! ዓይንሽን!” እየተባባልን እንጮሃለን። ሲረጋ ጨው ጨምረን በጨርቅ እናጠልለዋለን። ብሩሹን ከቃጫ የምናስረው ራሳችን ነን። በጠባቡ መንገድ እግሯ ነጭ የሆነ ሴት ካለፈች የኛ ናት። ስንቀባ እንዘፍናለን፣ እንሳደባለን፣ እንታረቃለን። ማታ ቤት ስገባ ልብሴ እርጥብ ኖራ ይሸት ነበር፤ አሁንም ያ ሽታ ሲመጣብኝ አዴ ዱርሲቱ በበሩ የሚገቡ ይመስለኛል። አላህ ይዘንላቸው። እናንተ ዛሬ ሮለር ይዛችሁ፣ ጆሯችሁ ላይ ሙዚቃ ሰክታችሁ፣ አንድ ቃል ሳትለዋወጡ ቤት ጨርሳችሁ ትወጣላችሁ። አልቆጣም። ቢሆንም አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ የሐጂያ ዘይነባን ነገር።

የሐጂያን ቤት ከፋቂነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ከጎረቤታቸው ከእማ ሳፊያ ጋር በአንድ መንገድ አድገው፣ በአንድ መንገድ ተድረው፣ በአንድ ግድግዳ ተደግፈው ያረጁ ናቸው። በዚያ ግድግዳ ላይ፣ ከፍ ብሎ፣ ከሐጂያ ትልቁ ክፍል ወደ እማ ሳፊያ ግቢ የሚያይ ትንሽ መስኮት ነበር። ሐጂያ መደቡ ላይ ቆመው “ሳፊያ! ሱብሒ!” ብለው ለንጋት ሶላት የሚቀሰቅሷቸው በሱ ነው። ሽንኩርት ሲያልቅም በሱ ነው። መሰላል ላይ ሆኜ ስቀባ ስንት ጊዜ በአናቴ ላይ ጨው ተቀባብለዋል።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ሐጂያ አስጠሩኝ። የልጃቸው ልጅ ኒካሕ ደርሷል። ስገባ ደነገጥኩ። ኖራው የለም፤ ግድግዳው በዘይት ቀለም ያብለጨልጫል። መስኮቱም የለም። ከሳህኖቹ ጠርዝ ሥር ሻጋታው ጥቁር ጥቁር ብሎ ወጥቷል።

“የሳፊያ መታጠቢያ ቤት ነው” አሉኝ ገና ሳልቀመጥ። “እኔ ድሬዳዋ ልጄን ልጠይቅ በሄድኩበት፣ ልጇ ግድግዳዬ ላይ አስደግፎ ገነባላት። ‘ዘይነባ ትፈቅጃለሽ ወይ?’ እንኳ አላለችኝም!”

“መስኮቱስ ሐጂያ?”

“አስደፈንኩት! ሽታዋን ላሸት ነው? በብሎኬት አስደፍኜ፣ በሲሚንቶ አስለስኜ፣ በዘይት ቀለም አስቀባሁት። አሁን ማክሰኞ አፎቻው ይሰበሰባል። አንቺ እዚያ ቆመሽ የሳፊያ ውሃ ቤቴን አሻገተው ትያለሽ። ከዚያ ወይ እሷ ትወጣለች ወይ እኔ። የኒካሑንም ደጃፍ አትረግጥም!”

አፎቻ የሴቶቹ የሠርግና የለቅሶ ማኅበር ነው። እዚህ ከተማ ከአፎቻ የወጣች ሴት ድግሷን ብቻዋን ትሠራለች፣ ሐዘኗንም ብቻዋን ትቀመጣለች። በዚያ ዕድሜ ደግሞ ሌላ አፎቻ ማን ይገባል? ለግድግዳ ነገር እኔን እንደሚሰሙ ሐጂያ ያውቃሉ። ከአንደበቴ በሚወጣው ቃል ከሁለቱ አንዷ ብቻዋን ልትቀር ነው።

“መጀመሪያ ግድግዳውን ልየው” አልኩ።

ሳህኖቹን እያወረድኩ ምንጣፉ ላይ እንዳሉ አስተኛኋቸው። ከእያንዳንዱ ጀርባ ጥቁር ክብ አለ። በክቦቹ መሀል ያለው ባዶ ግድግዳ ግን ንጹሕ ነው። ከመሀላቸው አንድ ምስማር ሳህን የለውም፤ ሥሩ ያለው ቦታ እንደ ወተት ነጭ ነው።

“እዚህ ምን ነበር?”

ሐጂያ ፊታቸውን አዞሩ። “የሷ ሳህን። ለሠርጌ የሰጠችኝ፣ ጽጌረዳ ያለበት። መስኮቱን ያስደፈንኩ ዕለት አውርጄ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።” ይሄን ብለው ግድግዳውን ቀና ብለው ሲያዩ ዓይናቸው በራ። “አየሽ! አየሽ አይደል! የሷ ዕቃ የተነሳበት ቦታ ብቻ ጤነኛ ነው! ወላሂ ግድግዳው ራሱ መሰከረ!”

ሳቄ አመለጠኝ። መሳቅ አልነበረብኝም፣ ግን አመለጠኝ።

“ሐጂያ፣ የእናትዎን ሳህን አውርደው ቢሆን የሱ ቦታ ነበር የሚነጣው። አየር አገኘ፣ ደረቀ፣ በቃ። ውሃው ከጀርባ ቢመጣ ይሄን ቦታ ለምን ይምረዋል? ውሃ ሳህን እየመረጠ ይሄዳል እንዴ?”

“ይሄስ?” አሉ ጎንበስ ብለው። ከመደቡ ሥር ግድግዳው አብጦ ነጭ ጨው አውጥቷል።

“ይሄ የእማ ሳፊያ ነው፣ አልክድም። ግን ከዚህ ከፍ አላለም፤ ሻጋታም የለበትም። ውሃው የሳቸው ነው፣ ሻጋታው የርስዎ ነው። መስኮቱን ሲዘጉ የቤቱ እርጥበት መውጫ አጣ፣ በዘይቱ ቀለም ላይ አደረ። መስኮቱ ካልተከፈተ አልቀባም።”

“ከቤቴ ውጪልኝ!”

ወጣሁ። ምን አደርጋለሁ? ዞሬ የእማ ሳፊያን በር አንኳኳሁ።

“ላከችሽ?” አሉኝ በሩን ገርበብ አድርገው።

“አባረሩኝ።”

“እንግዲያው ግቢ።”

መታጠቢያ ቤቱን አየሁት። ወለሉ ወደ ግድግዳው ያዘነበለ ነው፤ ውሃው እዚያው ይተኛል። ስነግራቸው አልተከራከሩም። “ዛሬውኑ ልጄን ጠርቼ ወለሉን አስነሳዋለሁ” አሉ። ከዚያ ከመታጠቢያው ቆርቆሮ በላይ መስኮቱ የተደፈነበትን ግራጫ ብሎኬት ቀና ብለው አዩ።

“ሱብሒ እያለፈኝ ነው ልጄ። ስልኩ ይጮሃል ይሉኛል፣ እኔ አልሰማውም። ጆሮዬ የለመደው የሷን ድምፅ ነው። መጠየቅ ነበረብኝ፤ ልጄ ቸኮለ፣ እኔም አፈርኩ። ይቅርታ ልላት ስል መስኮቱ ተደፈነ። በበር ዞሬ ብሄድ ታስገባኛለች? በምን ልጥራት?”

አለቀሱ። እኔም አብሬ አለቀስኩ።

ማክሰኞ አፎቻው ሞልቶ ነበር። ሐጂያ ከበሩ አጠገብ፣ እማ ሳፊያ ከወዲያ ጥግ። ተነሽ ሲሉኝ ተነሳሁና ያየሁትን ተናገርኩ። የታችኛው እርጥበት የእማ ሳፊያ ነው፣ ወለሉን አስነስተውታል። የላይኛው ሻጋታ የሐጂያ ነው፣ ከተዘጋው መስኮት የመጣ ነው።

“መድኃኒቱስ?” አሉ የአፎቻው መሪ።

“መስኮቱ ይከፈት።”

ከመሀል አንዲት ባልቴት “ኧረ አቦ! በዚያ መስኮት ስንት ሽንኩርት አልፏል!” ሲሉ ሴቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሐጂያ ግን አልሳቁም። ሻሻቸውን ሳብ አድርገው ብድግ አሉ። ወጡ፣ አበቃ አልኩ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞሩ፤ ያዩት እኔን ነው።

“ነገ መዶሻ ይዘሽ ነይ።”

በማግስቱ መሰላል ላይ የወጣሁት ጉልበቴን እየረገምኩ ነው። ብሎኬቱን ስመታው ወዲያ ማዶ ቆርቆሮው ላይ ወድቆ ተንኳኳ፣ ብርሃኑም እስከ መደቡ ወረደ። ሐጂያ ሥሬ ቆመዋል።

ከዚያ ከወዲያ ማዶ የእማ ሳፊያ ድምፅ መጣ፤ ቀጠን ያለ፣ የፈራ።

“ዘይነባ… ሱብሒ ደረሰ እንዴ?”

ፀሐዩ አናት ላይ ነበር። ሐጂያ ወደ መስኮቱ ቀና አሉ።

“ሱብሒ? ዙህር ሊያልፍሽ ነው፣ አንቺ እንቅልፋም!”

ማዶ ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ ተሰማ። ሐጂያ ወደ ሳጥናቸው ሄደው ጽጌረዳ ያለበትን ሳህን አወጡ፣ በሻሻቸው ወለወሉት፣ ለኔ አቀበሉኝ።

የዘይቱን ቀለም ፍቀን በኖራ ቀባነው። ሳህኖቹ ሲሰቀሉ የበቆሎ ቆረቆንዳ ቆራርጬ ከእያንዳንዱ ጀርባ አስገባሁ፤ ሳህኑ ከግድግዳው ጣት ያህል ይርቃል፣ አየሩም ያልፋል። ይሄም የአዴ ዱርሲቱ ብልሃት ነው። ለኒካሑ ከሐጂያ ጎን በሩ ላይ ቆመው እንግዳ የተቀበሉት እማ ሳፊያ ናቸው።

እንግዲህ ሻጋታ ወዳለበት ቤት ስትጠሩ ቀለም ለመግዛት አትሩጡ። ሳህኑን አውርዱና የሻገተውንም ያልሻገተውንም ቦታ እዩ። ከዚያ እዚያ ቤት ምን እንደተዘጋ ጠይቁ። ብሩሽ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።