በሟች ስም የተጨመረ አረቦን

ሰፈሩ «ዝግታ» ይላታል። ዳቦ በምታከፋፍልባት አሮጌ መኪና ስትመጣ ኤሊ ትቀድማታለች እያሉ ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ምን ታድርግ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የማንንም መኪና ጫፍ አልነካችም።

የሚከብዳት ጠዋት ነው። ማታ ወደ መሪው አስጠግታ የተወችው ወንበር ሲነጋ ወደኋላ ሸሽቶ፣ በባሏ እግር ልክ ሆኖ ይጠብቃታል። መካኒኩ «መያዣው አርጅቶ ነው» ይላታል። ስትስበው የሚንሸራተትበት ሐዲድ ቀጭ ይላል።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ መንጃ ፈቃድ ሳይኖራት ባሏ ሲያለማምዳት፣ ኩርባው ላይ ጃንጥላ የያዘ ሰው ገጨች። ሰውየው አልተነሳም። ባሏ እሷን ወደ ጎን አሻግሮ መሪው ላይ ተቀመጠ። ወንበሩን ወደኋላ ገፋው፤ ቀጭ። «አንቺ አልነዳሽም» አላት። ታሰረ፣ ተፈታ፣ አምና ሞተ። በእሱ ጥፋት ተብሎ በመኪናዋ የመድን ክፍያ፣ በአረቦኑ ላይ የተጨመረው ግን አልተነሳም።

ጭማሪው አለመነሳቱን ሰምታ መድን ድርጅቱ ድረስ የጎተተቻት የባሏ እህት ናት።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው!» አለች ጠረጴዛውን እየመታች። «ወንድሜ ባጠፋ እሷ ለምን ትቀጣለች? እሷኮ እንኳን ለሰው ለጉንዳንም ፍሬን የምትይዝ ናት!»

ጸሐፊዋ ሳቋ አመለጣት። «እውነትዎን ነው እትዬ። አረቦኑ ላጠፋው ሰው እንጂ ለንጹሕ ነጂ አይጨመርም።» ወረቀቱን ወደ ዝግታ ገፋችላት። «ይኼው፣ በዚያ ቀን ይነዳ የነበረው ሟች ባለቤቴ ነው ብለው ይፈርሙ። ጭማሪው ዛሬውኑ ይነሳል።»

ዝግታ እስክሪብቶውን ያዘች። «ሟች» የሚለው ቃል ላይ እጇ ቆመ።

«ፈርሚ እንጂ! እኔ እህቱ እንኳ መቃብሩ ላይ ቆሜ፣ ሰው የገደልክ እያልኩ ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ። አንቺ ምን አሳቀቀሽ?»

እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አጋድማ አስቀመጠችው።

«ይቅር።»

«ምኑ ነው የሚቀረው?»

«ጭማሪው እንዳለ ይሁን። ዋጋው ልክ ነው። ያረፈውም በትክክለኛው ሰው ላይ ነው።»

ጸሐፊዋ ግራ ተጋባች። የባሏ እህት ግን ዞራ ዝግታን አየቻት።

ወጥተው ወደ መኪናዋ ሄዱ። ወንበሩ እንደ ልማዱ ወደኋላ ሸሽቷል። ዝግታ ገብታ፣ አጭር እግሯ ፍሬኑ ላይ እስኪደርስ ሳበችው። ቀጭ።

የባሏ እህት የበሩን እጀታ እንደያዘች እግሯን አየች፤ ወንበሩን አየች፤ ፊቷን አየች።

«እሱ አልነበረም?»

«ግቢ፣ እህቴ። ቁጭ ብለን እነግርሻለሁ።»

እጀታውን ለቀቀችው። መኪናዋን እንደ ገደል ራቅ ብላ ዞረቻትና በእግሯ ሄደች። ዝግታ ሞተሩን ሳታስነሳ፣ ያቺ ጀርባ ኩርባው ጋ እስክትሰወር በመስታወቱ ተከተለቻት።